92ን ከ124 ጋር ማስማማት፦ ዝግ ያለ ትራክ ሀውስ መሃል እንዴት ይገባል?

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። ጠያቂው የአንድ ሰዓት ሚክስ እያዘጋጀ ነው። (ዲጄዎች "ሴት" የሚሉት ነገር ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ ሌላ ነገር ስለሚመስል ሚክስ እያልኩ ልቀጥል።) የሚያጫውተው ከ122 እስከ 124 ቢፒኤም (በደቂቃ ውስጥ ያለው የምት ወይም የቢት ብዛት) የሚሄድ ዲፕ ሀውስ ነው፤ ሀውስ ከበሮው እኩል እኩል የሚመታ የዳንስ ሙዚቃ ነው። መሃል ላይ በጣም የሚወደውን አንድ ዳውንቴምፖ (ዝግ ያለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ) ትራክ ማስገባት ይፈልጋል፤ የትራኩ ፍጥነት 92 ነው። "ሲንክ (የሁለቱን ትራክ ፍጥነት በራሱ እኩል የሚያደርገውን ቁልፍ) ስጫን ዘፋኟ የካርቱን አይጥ ትሆንብኛለች። ሲንኩን ሳጠፋው ከበሮዎቹ ይደባደባሉ። ዝም ብዬ ስቆርጠው ደግሞ መብራት የጠፋ ይመስላል። ምን ይሻለኛል?" ይላል።

ወንድሜ፣ ሦስቱንም መሞከርህ ጥሩ ነው፤ ሦስቱም ለምን እንዳልሠሩ ካየን መልሱ እዚያው ውስጥ አለ።

ከሲንኩ እንጀምር። 92ን 124 ለማድረስ ትራኩን ወደ 35 በመቶ ማፍጠን አለብህ። ፍጥነት በ6 በመቶ ሲጨምር ድምፁ በግማሽ ቶን ገደማ ይወጣል፤ 35 በመቶ ሲሆን ከአምስት ግማሽ ቶን በላይ ይሆናል ማለት ነው። አይጧ የመጣችው ከዚያ ነው። ኪይ ሎክ (አንዳንዱ መሣሪያ ላይ ማስተር ቴምፖ ይባላል) ብታበራ ድምፁ ቦታው ይቆያል፣ ግን ማሽኑ ድምፁን እየቆራረጠ ነው የሚገጣጥመው፤ 3 ወይም 4 በመቶ ላይ ማንም ልብ አይልም፣ 35 ላይ ግን ኪኩ (ዱም የሚለው ትልቁ ከበሮ) ጥርሱ ይረግፋል፣ ሃይሃቱም (የብረት ሳህኑ) ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። የሸክላ ዘመን ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። በደቂቃ በ33 ከሲሶ ዙር የተቀረጸን ሸክላ በ45 ስታጫውተው ፍጥነቱ የሚጨምረው ልክ 35 በመቶ ነው። 92 የነበረው 124 ይሆናል። ሲንክህ ያደረገው ሸክላውን በስህተት ዙር ማጫወት ነው እንግዲህ። በነገራችን ላይ ተቃራኒውን አስበው ያደረጉም አሉ፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ቤልጂየም ውስጥ ዲጄዎች የ45 ዙር ሸክላዎችን በ33 እያዘገሙ፣ ፒቹን (የማጫወቻውን ፍጥነት ማስተካከያ) ደግሞ እስከ 8 በመቶ ከፍ እያደረጉ ሲያጫውቱ ኒው ቢት የሚባል አንድ ሙሉ ስልት ተወለደ። ያ ግን ድምፁ እንዲከብድና እንዲጨልም ፈልገው ነው። አንተ የምትፈልገው የምትወደውን ትራክ እንዳለ ማሰማት ነው።

ስለዚህ ቢትማች ማድረጉን (የሁለቱን ትራክ ምት ገጥሞ አብሮ ማስኬዱን) እርሳው። ሁለቱ ከበሮ አንድ ላይ የሚሰማበት ሰከንድ መኖር የለበትም።

ታዲያ ዝም ብሎ መቁረጥስ ለምን አልሠራም? ሰው እየጨፈረ የሚቆጥረው ኪክን ነው። አእምሮው ባይቆጥር እግሩ ይቆጥራል። በ124 ፍጥነት በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ አንድ ዱም አለ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዱም፣ ዱም፣ ዱም ሲለው ቆይቶ ድንገት ሌላ ልክ ስትሰጠው እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ያኛው ትራክ በራሱ ዝግ ያለ ሆኖ አይደለም፤ ከቀድሞው አንጻር የተሰበረ ነገር ይመስላል። እዚህ ላይ ነው ጠቅላላ ዘዴው። ኪኩን መጀመሪያ አስረሳው። 15 ሰከንድ ያህል ያለ ከበሮ ከቆየ የእግሩ ቆጠራ ይላላል፤ 30 ሰከንድ ከቆየ ደግሞ ይበልጥ ይላላል። ከዚያ በኋላ የምትሰጠውን ልክ እንደ አዲስ ለመያዝ ይቀለዋል።

እዚህ ጋ ሒሳቡ ያንተው ዕድል ነው። 124ን በ4 አካፍለህ በ3 ስታባዛው 93 ይመጣል። ያንተ ትራክ 92 ነው! በ1 በመቶ ብቻ ከፍ አድርገው 93 ላይ አስቀምጠው፤ ማንም አይሰማውም፣ ራሱ ፕሮዲውሰሩ ቢመጣ አይሰማውም። አሁን ሁለቱ ትራኮች ዘመድ ሆኑ። ዝግ ያለው ሦስት ቢት ሲመታ ሀውሱ በዚያው ጊዜ አራት ይመታል። ሚክስህን በ122 የምታጫውት ከሆነ ደግሞ ሦስት አራተኛው 91.5 ስለሆነ ትራኩን ትንሽ ታወርደዋለህ። ድራም ኤንድ ቤዝ (በጣም ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ) በ174 ብታጫውት ኖሮ ነገሩ ከዚህም ይቀል ነበር፤ 87 ያለውን ታስገባና በግማሽ ልክ ቁጭ ይላል። ሀውስ ግን ለሁለት ሲካፈል 62 ነው፣ 62 ደግሞ ዳንስ ፍሎር ላይ እንቅልፍ ነው።

ይህን ዝምድና በምን ታሰማዋለህ? በኢኮ፣ ድምፅን እየደጋገመ በሚመልሰው ኢፌክት። ከመሄዴ በፊት ግን ዝግጅቱን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ትራኩ በእርግጥ 92 መሆኑን በራስህ ጆሮ ቁጠር። 15 ሰከንድ ውስጥ 23 ቢት ከቆጠርክ ልክ ነው። ሶፍትዌሮች ዝግ ያለ ነገር ላይ በጣም ይሳሳታሉ፤ አንዳንዴ እጥፉን ያነባሉ፣ አንዳንዴ ሃይሃቱን ኪክ ያደርጉታል። በተለይ ከበሮው በሰው እጅ የተመታ ከሆነ ፍጥነቱ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ግሪዱ (ሶፍትዌሩ ምቶቹ ላይ የሚያሰምረው መስመር) ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከሙዚቃው ተለያይቶ ታገኘዋለህ። እንዲህ ከሆነ ግሪዱን ተወውና በጆሮህ ሂድ። ከዚያ ሁለት ቦታ ኪው አድርግ (ቁልፍ ስትጫን ትራኩ ከዚያ እንዲጀምር ምልክት አድርግበት)። አንደኛው ኪኩና ቤዙ የሚገቡባት የመጀመሪያዋ "አንድ" (የአራት ቢት ዙር መጀመሪያ ምት) ናት። ሁለተኛው ከበሮ የሌለበት፣ ፓድ (ረዘም ብሎ የሚቆይ ለስላሳ ድምፅ) ወይም የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ያለበት ቦታ ነው፤ ብዙ ዳውንቴምፖ ትራክ መግቢያው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አያጣም።

ከእርሱ በፊት የምታጫውተውን የሀውስ ትራክ ስትመርጥ ደግሞ ምን ያህል እንደምትወደው ሳይሆን ብሬክዳውኑን እይ። ከበሮው ወጥቶ ቢያንስ 32 ቢት የሚቆይ ይሁን። በ124 ያ 15 ሰከንድ ተኩል ነው። 64 ቢት ከሆነ 31 ሰከንድ ታገኛለህ፣ ያ ወርቅ ነው። ብሬክዳውኑ አጭር ከሆነ አራት ወይም ስምንት ባር (አንዱ ባር አራት ቢት ነው) ሉፕ አድርገህ፣ ማለትም እየደጋገምክ ታስረዝመዋለህ፤ ከበሮ እስከሌለ ድረስ ሉፑን ማንም አይነቃም።

ኪይ (ትራኩ የተሠራበት ቅኝት) ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሀውስ ከሀውስ ስታገናኝ ከበሮው ብዙ ጥፋት ይሸፍናል። እዚህ ግን ከበሮ የለም፤ ሁለት ፓድ ራቁታቸውን ጎን ለጎን ይቆማሉ። ኪያቸው ካልተስማማ ጆሮ ነው የሚያደማው። የካሜሎት ቁጥር (ኪዮችን በቁጥርና በፊደል የሚሰይም የዲጄዎች ዘዴ) የምትጠቀም ከሆነ ሀውሱ 8ኤ ቢሆን ያኛው 8ኤ፣ 7ኤ፣ 9ኤ ወይም 8ቢ ይሁንልህ። ካልገጠመ አንተ የምትለውጠው የሀውሱን ትራክ ነው፤ ለምትወደው ትራክ የሚሆን በር እየፈለግህ ነው እንጂ ለበሩ የሚሆን ትራክ አይደለም።

አሁን እጅህ ሚክሰሩ ላይ ነው እንበል።

ሀውሱ ብሬክዳውን ውስጥ ገባ፣ ኪኩ ወጣ። ከዝግተኛው ትራክ ፓዱን ከሁለተኛው ኪው ጀምረህ፣ ቤዙን ሙሉ በሙሉ ዘግተህ፣ ፌደሩን (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻውን) በጣም ቀስ ብለህ ክፈት። አትቸኩል። 15 ሰከንድ ረጅም ጊዜ ነው፤ ሰው ሳያውቀው የሁለተኛውን ትራክ አየር እየተነፈሰ ነው። ሀውሱ ብሬክዳውን ውስጥም ቢሆን አንዲት ክላፕ (ጭብጨባ የመሰለ ምት) ወይም ስኔር (ስለታም ድምፅ ያለው ከበሮ) አልፎ አልፎ ታሰማለች። እሷን ጠብቃት። ክላፕ ከሌለው የዘፋኙ አንዲት ቃል፣ ወይም የፒያኖ አንድ ምት ይበቃል፤ ዋናው አጭርና ስለታም መሆኑ ነው።

ኢኮውን ሀውሱ ያለበት ቻናል ላይ አዘጋጅ፣ ግን ገና አታብራው። ጊዜውን በሀውሱ ቢት ሳይሆን በእጅህ በሚሊሰከንድ 645 ላይ አስገባ። በ93 ፍጥነት አንድ ቢት የሚፈጀው ጊዜ ነው። (91.5 ላይ ከሆንክ 656።) ሚክሰርህ ሚሊሰከንድ የማያሳይ ከሆነ ዝግተኛውን ትራክ በሄድፎን እየሰማህ ታፕ በምትለዋ ቁልፍ መታ መታ አድርግና ኢኮው አንድ ቢት ላይ ይሁን። ፊድባኩ (የድግግሞሹ መጠን) መሃል ገደማ ይሁን፤ ሦስት አራት ጊዜ ከደገመ በቂ ነው።

ክላፗ ልትመጣ ስትል ኢኮውን አብራ። ያቺን አንዲት ክላፕ ብቻ ያዝ፣ ወዲያው ፌደሩን ዝጋ። ሙዚቃው ቀጥሎ ኢኮ ውስጥ ከገባ 484 (በ124 የአንድ ቢት ጊዜ) እና 645 ሚሊሰከንድ ተቀላቅለው ገንፎ ይሆናሉ። አንዷን ብቻ ካስቀረህ ግን እንዲህ ትሰማለህ፦ ጧ... ጧ... ጧ... ጧ... እየሳሳች፣ ግን በአዲሱ ፍጥነት። ራሷ ክላፗ "አንድ" ናት፣ ድግግሞሾቿ "ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" ናቸው። ሁለት ሰከንድ ተኩል ብቻ ነው የሚፈጀው። በቀጣዩ "አንድ" ላይ የመጀመሪያውን ኪው ትመታለህ፣ ቤዙን ትከፍታለህ፤ የዝግተኛው ትራክ ኪክ ይገባል። ሰሚው ምን እንደተደረገ አያውቅም፣ ግን እግሩ ቀድሞ ተቆጥሮለታል። የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ከበሮ መቺው በዱላ "አንድ ሁለት ሦስት አራት" ብሎ ሲያስጀምር ያለው ነገር ነው፤ ዱላው ግን የተሠራው ከሄደው ዘፈን ነው። ኢኮን እንዲህ እንደ መሣሪያ መጫወት አዲስ ነገር አይደለም፤ ጃማይካ ውስጥ በ1970ዎቹ ኪንግ ተቢና ሌሎች የደብ (ከሬጌ የወጣ ስልት) ባለሙያዎች ሚክሰሩ ላይ አንዲት ስኔር ወይም አንዲት ቃል እየነጠሉ ወደ ኢኮ ይወረውሩ ነበር። ከእነርሱ ነው የተማርነው።

አንድ የሚያበሳጭ ነገር አለ። አንዳንድ ሶፍትዌር ላይ ኢፌክቱ የተቀመጠው ከፌደሩ በፊት ነው፤ ፌደሩን ስትዘጋ የኢኮው ጭራም አብሮ ይቆረጣል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ ከፌደር በኋላ እንዲሆን አድርገው። ያ ምርጫ ከሌለ ፌደሩን ሳትነካ ትራኩን ራሱን አቁመው፤ ጭራው ይቀጥላል። ይህን ቤት ውስጥ ሞክረህ ሳታረጋግጥ ሰው ፊት አትሞክረው።

ድምፅ መጠን ላይም ተጠንቀቅ። ሀውስ በአብዛኛው ታፍኖ፣ ታጭቆ፣ ጮክ ብሎ ነው ማስተር የሚደረገው (የመጨረሻ ድምፁ የሚስተካከለው)። ዳውንቴምፖ ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ሜትሩ ላይ እኩል ቢያሳይህም ጆሮ ላይ አንሶ ይሰማል። ጌይኑን (የትራኩን መነሻ የድምፅ መጠን) በጆሮህ አስተካክል። ቤዙ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ዝግ ያለ ትራክ ላይ አንዷ የቤዝ ኖታ ረዥም ስለምትቆይ ትልቅ ስፒከር ላይ ክፍሉን ትሞላዋለች። ሎው የሚለውን የቤዝ ማስተካከያ መጀመሪያ ከመሃል ትንሽ ዝቅ አድርገህ ጀምርና ስምንት ባር ውስጥ ወደ መሃል መልሰው።

"ቀስ በቀስ ፍጥነቱን እየቀነስኩ ብሄድስ?" የሚል ሊኖር ይችላል። ይቻላል። በየትራኩ 5 በመቶ ብትቀንስ 124፣ 118፣ 112፣ 106፣ 101፣ 96፣ 92 እያልክ ትወርዳለህ። ስድስት ሽግግር ነው። እያንዳንዱን ትራክ አምስት ደቂቃ ብታጫውት ግማሽ ሰዓት ሄደ። ለአራት ሰዓት ምሽት ያምራል፣ ለመዝጊያም ያምራል። ያንተ ግን አንድ ሰዓት ነው፤ ቁልቁል ስትወርድ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ደግሞ 106 እና 101 ላይ የሚሆን ጥሩ ሙዚቃ በርከት አድርገህ ከሌለህ ለፍጥነቱ ስትል ብቻ የማትወደውን ነገር ማጫወት ትጀምራለህ።

ከዘዴው በላይ ግን የምከራከረው ስለ ቦታው ነው። ዝግተኛውን ትራክ ከ35ኛው ደቂቃ በፊት አታስገባው። ሰው ገና ሳይሞቅ ካሳረፍከው ዕረፍት አይደለም፣ ማቋረጥ ነው። ትልቁን፣ ሁሉም እጁን የሚያነሳበትን ትራክ ተከትለህም አታስገባው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ተደጋጋሚ፣ ዜማው ያነሰ፣ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ የሚጨፍርበት ትራክ ይግባና ከእርሱ ሂድ። ሌላው፣ አንድ ብቻ አታጫውት። አንዲት ዝግ ያለች ትራክ ብቻዋን ስህተት ትመስላለች፤ ሰው "ተሳሳተ እንዴ?" ብሎ ወደ ዲጄው ይዞራል። ሁለት ስታደርጋቸው አስበህበት እንደሆነ ይገባዋል። ሁለተኛዋ 93 አካባቢ ትሁንና እዚያ ውስጥ እንደልብህ ቢትማች አድርግ። ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ስትሄድ ሰው መቀመጫ መፈለግ ይጀምራል፣ የተቀመጠን ሰው ማስነሳት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

መመለሱ ከመሄዱ ይቀላል። ሰው ፍጥነት ሲጨመርለት ደስ ይለዋል። እዚህም ያቺው ሦስት አራተኛ ትሠራልሃለች፣ በተገላቢጦሽ። ዝግተኛው ትራክ 93 ላይ እየሄደ ኢኮውን 3/4 ቢት ላይ አድርግ። ብዙ ሚክሰር ላይ ይህ ምርጫ አለ። በ93 ፍጥነት የአንድ ቢት ሦስት አራተኛ 484 ሚሊሰከንድ ነው፤ ያ ደግሞ በ124 ልክ አንድ ቢት ነው። ከመውጫው ስኔሮች አንዷን ያዝ፣ ፌደሩን ዝጋ፣ ድግግሞሹ በሀውሱ ፍጥነት ሲመታ ሀውሱን በዚያው ላይ አስገባ። መግቢያው ሃይሃትና ሻከር ብቻ የሆነ ትራክ ቢሆን ይመረጣል፤ ኪኩ 32 ቢት ቆይቶ ሲመጣ ሰው ራሱ ይጮህልሃል። ከቻልክ ከመውጣትህ በፊት ከነበረው ትንሽ ጠንከር ያለ ይሁን፣ ቦታው ተመለሰ ሳይሆን አንድ ደረጃ ወጣ እንዲባል።

እኔ የተሳሳትኩት እዚሁ መመለሻው ላይ ነው። መግባቱ እንደ ቅቤ ሄዶልኝ ልቤ አብጧል። ሁለቱ ዝግተኛ ትራኮች አለቁ፣ ኢኮውን 3/4 ላይ አደረግኩ፣ የመጨረሻዋን ስኔር ጠበቅኩ፣ አበራሁ፣ ፌደሩን ዘጋሁ። ዝም። ምንም። ኢኮው አሁንም ስገባ በተጠቀምኩበት ቻናል 1 ላይ ነበር፣ ትራኩ ደግሞ ቻናል 2 ላይ። ሦስት ሰከንድ ያህል ጸጥ አለ፤ አንዱ ከጥግ ሲያፏጭ በደንብ ይሰማኛል። ሀውሱን እንዲሁ ከመሃሉ ለቀቅኩትና አለፈ፣ ሰውም ሳይረሳው አልቀረም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የኢፌክቱ ቻናል መምረጫ አጠገብ ትንሽ ቢጫ ፕላስተር እለጥፋለሁ።